የቢዝነሳችሁን ሂሳብ ሳትፈሩ ለመያዝ፦ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰው የቢዝነሱን ሂሳብ መያዝ የሚጀምረው በትልቅ ወኔ ነው። አዲስ ደብተር ይገዛል፣ በማስመሪያ ያሰምራል፣ ዘጠኝ ቀን ይጽፋል። በአሥረኛው ቀን ይደክመዋል። አንድ ቀን ይዘላል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሳምንት። ከዚያ በኋላ ደብተሩን ማየት ራሱ ያሳፍራል። መሳቢያ ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል።

ይህ የሚሆነው ሰውየው ሂሳብ ስለማያውቅ አይደለም። መደመርና መቀነስ ለዚህ ይበቃል። የሚያሸንፈን ሁሉንም ነገር በአንድ ሳምንት ልናስተካክል መነሳታችን ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች አንድ በአንድ ውሰዷቸው። እስከ መጨረሻው ደረጃ ለመድረስ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ወደ ደረጃ 5 ዘላችሁ ብትሄዱ የምትሠሩበት ቁጥር አይኖራችሁም።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ኪሳችሁን ለዩ። ለቢዝነሱ ብቻ የሚሆን የባንክ ሂሳብ ክፈቱ። ዛሬ የማይሆን ከሆነ ቢያንስ ካሹን ለዩ፦ የቢዝነሱ በሳጥን፣ የእናንተ በቦርሳ። ይህን ሳታደርጉ አትቀጥሉ። የቤት ወጪና የሥራ ወጪ በአንድ ሂሳብ ከተቀላቀሉ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ለደረሰኝ አንድ ቦታ ብቻ ይኑራችሁ። ፖስታም፣ ካርቶንም ይሁን። በሙቀት የሚታተመው ለስላሳ ደረሰኝ ጽሑፉ እየደበዘዘ ይጠፋል። የተቀበላችሁ ዕለት በስልክ ፎቶ አንሱት።

ደብተር ወይም አንድ የኤክሴል ገጽ አዘጋጁ። ስድስት ዓምድ አስምሩ፦ ቀን፣ ዝርዝር፣ ገቢ፣ ወጪ፣ በምን ተከፈለ (ካሽ ወይስ ባንክ)፣ ቀሪ (የካሹና የባንኩ ለየብቻ)።

ሰዓት ቁረጡ። በቀን አምስት ደቂቃ፣ በሳምንት ደግሞ አንድ ሰዓት። የሳምንቱ ሰዓት ሁልጊዜ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ይሁን። «ሲመቸኝ» የሚባል ቀን የለም።

ሶፍትዌር አሁን አትግዙ። በእጃችሁ ያልለመዳችሁትን ነገር ፕሮግራም ሲሠራላችሁ ስህተቱንም አብሮ ይደብቅባችኋል። ሦስት ወር ከጻፋችሁ በኋላ የትኛው እንደሚያስፈልጋችሁ ራሳችሁ ትነግሩኛላችሁ።

## ደረጃ 1፦ መነሻ መስመር አስምሩ (የመጀመሪያው ቀን)

1. ያለውን ካሽ ቁጠሩ። ጻፉት።
2. የባንክ ቀሪውን አይታችሁ ጻፉት።
3. ዕዳ ያለባቸውን ሰዎች ስም፣ መጠንና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ዘርዝሩ።
4. እናንተ ያለባችሁን ዕዳ በተመሳሳይ መንገድ ዘርዝሩ።
5. ከሥሩ ወፍራም መስመር አስምሩና ቀኑን ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ያለፈውን ዓመት ከመስመሩ በላይ ልጻፍ አትበሉ። ብዙ ሰው የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። የድሮ ደረሰኞች ለግብር ስለሚፈለጉ አትጣሏቸው፤ ሰብስባችሁ ለሂሳብ ባለሙያ ስጡ። የእናንተ ልምምድ ግን ከዛሬ ይጀምራል።

ዝርዝሩ ካስደነገጣችሁ አይዞአችሁ። ዕዳው ትናንትም ነበር። ዛሬ የጨመረው ነገር ቢኖር በወረቀት ላይ መውረዱ ነው።

## ደረጃ 2፦ በየቀኑ ጻፉ፣ ሌላ ምንም አታድርጉ (የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት)

ማታ ሥራ ስትዘጉ የገባውንና የወጣውን ጻፉ። ከዚያ ካሹን ቁጠሩ። በወጪ ዓይነት አትከፋፍሉ፣ አትተንትኑ፣ አትዘኑ።

የካሹ ቆጠራ እንዲህ ነው። ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ 3,200 ነበር እንበል። በካሽ የሸጣችሁት 5,450 ነው። ከሳጥኑ አውጥታችሁ የከፈላችሁት 1,300። ስለዚህ መኖር ያለበት 7,350 ነው። ስትቆጥሩ ግን 7,150 ሆነ። 200 ጎደለ።

አሁን ሁለት ፈተና ይመጣል። አንደኛው፣ ከኪሳችሁ 200 ጨምራችሁ ማስተካከል። ሁለተኛው፣ «ልዩ ልዩ ወጪ» ብሎ ጽፎ መተኛት። ሁለቱንም አታድርጉ። «ልዩነት −200» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ነገ የምትነሱት ከተቆጠረው ከ7,150 ነው።

ለምን መሰላችሁ? ልዩነቱን በሐቅ ስትጽፉት ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ መልክ ያወጣል። ሁልጊዜ የሚጎድለው ሥራ በሚበዛበት ቀን ከሆነ መልስ ስትሰጡ እየተሳሳታችሁ ነው። ሁልጊዜ የሚጎድለው ተቀራራቢ መጠን ከሆነ አንድ የምትረሱት ትንሽ ወጪ አለ። የእኔ ለምሳሌ የተላላኪ ክፍያ ነበር። ትንሽ ስለሆነ «ወጪ» ብዬ አላስበውም ነበር።

ቀን ከዘለላችሁ፦ ወደ ኋላ ሄዳችሁ በትዝታ አትሙሉ። ዛሬ ያለውን ካሽ ቁጠሩ። መጨረሻ ከጻፋችሁት ቀሪ ጋር ያለውን ልዩነት «ያልተመዘገበ» ብላችሁ በአንድ መስመር አስገቡና ቀጥሉ። ክፍተት ያለበት ደብተር ከተተወ ደብተር በብዙ ይሻላል።

## ደረጃ 3፦ የሳምንቱ አንድ ሰዓት (ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ)

የልምምዱ እምብርት ይህ ነው። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ።

3.1 ገምቱ። ደብተሩንም የባንክ አፑንም ከመክፈታችሁ በፊት ሦስት ቁጥር በወረቀት ጻፉ፦ የዚህ ሳምንት ሽያጭ ስንት ነው? ባንክ ውስጥ ስንት አለ? ሰው ጋ ያለን ዱቤ ስንት ነው? ገምቱ እንጂ አታጭበርብሩ። መጀመሪያ ላይ ግምታችሁ ከእውነቱ በጣም ይርቃል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሽያጬን እጥፍ አድርጌ ነበር የገመትኩት። በራስ መተማመናችሁ ማደጉን የምትለኩት በዚህ ነው፤ ግምታችሁና ቆጠራችሁ ሲቀራረቡ ስልክ መክፈት አያስፈራም። ግምቶቹን አትጣሉ፤ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አኑሯቸው።

3.2 ከባንክ ስቴትመንት ጋር አስታርቁ። ስቴትመንቱን ክፈቱ። እያንዳንዱን መስመር ከደብተራችሁ ጋር እያያችሁ ሁለቱም ላይ ራይት ምልክት አድርጉ። በመጨረሻ ምልክት የሌላቸው መስመሮች ይቀራሉ። ሁለት ዓይነት ናቸው፦

- ደብተር ላይ ያለ፣ ባንክ ላይ የሌለ፦ ለምሳሌ የጻፋችሁት ግን ገና ያልተመነዘረ ቼክ።
- ባንክ ላይ ያለ፣ ደብተር ላይ የሌለ፦ የአገልግሎት ክፍያ፣ ወለድ፣ ሳይነግራችሁ ያስገባ ደንበኛ።

አንድ ምሳሌ ልሥራ። ባንኩ 48,200 ይላል። የ6,000 ቼክ ጽፋችኋል፣ ተቀባዩ ገና አልመነዘረውም። ስለዚህ የእናንተ የሆነው 42,200 ነው። ደብተራችሁ ግን 42,275 ይላል። የ75 ልዩነት አለ። ስቴትመንቱ ላይ፣ እናንተ ደብተር ላይ ያልመዘገባችሁት የ75 የአገልግሎት ክፍያ ታገኛላችሁ። እሱን በወጪ ስታስገቡ ሁለቱም 42,200 ላይ ይገናኛሉ። ይህ ሲሆን የሚሰማው ደስታ ቀላል አይደለም፤ እስክትቀምሱት ድረስ አታምኑኝም።

አልገናኝ ካለ በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ፦

- ልዩነቱ ራሱ የሆነ ቦታ እንደ አንድ መስመር ተጽፎ ይሆን? ከሆነ ያንን መስመር ረስታችሁታል ወይም ሁለት ጊዜ ጽፋችሁታል።
- ልዩነቱን ለሁለት ክፈሉ። የግማሹን መጠን ደብተሩ ላይ ካገኛችሁ ወጪውን ገቢ ዓምድ ላይ ጽፋችሁት ይሆናል፣ ወይም በተቃራኒው።
- ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል? አኃዝ አገላብጣችሁ ይሆናል። 540ን 450 ብሎ የጻፈ ሰው 90 ይጎድለዋል። 500ን 50 ብሎ ዜሮ የበላ 450 ይጎድለዋል። ሁለቱም ለ9 ይካፈላሉ።

ይህን የመጨረሻውን ሳላውቅ 90 ፍለጋ ሁለት ማታ አጥፍቻለሁ። ደረሰኝ በደረሰኝ፣ መሬት ላይ ዘርግቼ። ስህተቱ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር።

ከ20 ደቂቃ በላይ አትፈልጉ። ልዩነቱን ጻፉና እለፉ። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ቁጥር ከሆነ ስህተቱ የድሮ ነው፣ አዲስ የለም። ከተቀየረ አዲስ ስህተት ተጨምሯል፤ መጨረሻ ከታረቀበት ቀን ጀምሮ ብቻ ፈልጉ።

3.3 የዱቤ ዝርዝሩን አድሱ። ተሰብሳቢውን በሦስት ክፈሉ፦ እስከ 30 ቀን፣ ከ31 እስከ 60፣ ከ60 በላይ። ስልክ መደወል የምትጀምሩት ቀኑ በቅርቡ ካለፈባቸው ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ የቆየውን ዕዳ ያባርራሉ፤ እሱ ግን እልህ እንጂ ገንዘብ አያስገኝም። ትኩሱ ቶሎ ይከፈላል። ደብዳቤና ሽማግሌ የሚፈልገውን ለብቻው ያዙት።

3.4 በሚቀጥሉት ሰባት ቀናት የሚከፈለውን ጻፉ። መጠኑንና ቀኑን ብቻ።

3.5 አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «በዚህ ሳምንት ሽያጭ የቀነሰው ዕቃ ስላለቀ ነው» ዓይነት። ከወራት በኋላ ቁጥሩ ሲያደናግራችሁ ይህች መስመር ታስታውሳችኋለች።

ከዚያ ዝጉ። ሰዓቱ ሳይሞላ ከጨረሳችሁም ዝጉ። ትርፍ ጊዜ አለኝ ብላችሁ ወደ ድሮው አትግቡ።

## ደረጃ 4፦ ወጪን በዓይነት ክፈሉ (የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ)

ከስምንት ዓይነት አትብለጡ። ለሽያጭ የተገዛ ዕቃ ወይም ጥሬ ዕቃ ሁልጊዜ ለብቻው ይሁን። ሌላው ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ትራንስፖርት እያለ ይቀጥላል። «ሌላ» የሚለው ከጠቅላላው ወጪ ከአንድ አሥረኛ ከበለጠ ፈታችሁ እዩት፤ የሆነ ነገር ተደብቋል።

እዚህ ጋ የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች ብዙ ስለሆኑ በጥንቃቄ አንብቡ፦

- የተበደራችሁት ገንዘብ ገቢ አይደለም። ባንክ ውስጥ ቢገባም የሰው ነው።
- የብድር ክፍያ ሁሉ ወጪ አይደለም። ወለዱ ወጪ ነው፣ ዋናው ግን ዕዳ መቀነስ ነው። ለያይታችሁ ጻፉ።
- ለቤታችሁ ያወጣችሁት የቢዝነሱ ወጪ አይደለም። «ባለቤት የወሰደው» ብላችሁ ለብቻ አስቀምጡ።
- ለዓመታት የሚያገለግል ማሽን ዋጋው በአንድ ወር ወጪ አይገባም። በሚያገለግልበት ዘመን ይከፋፈላል፤ የእርጅና ቅናሽ የሚባለው ይህ ነው።
- ከደንበኛ የሰበሰባችሁት ቫት ለጊዜው እናንተ ጋ ያረፈ የመንግሥት ገንዘብ ነው። ሲገባ ወዲያው ለይታችሁ አስቀምጡት።

## ደረጃ 5፦ ትርፍና ካሽ ለምን እንደማይገናኙ እዩ (ሁለተኛው ወር)

«አተርፋለሁ፣ ግን ገንዘብ የለኝም።» ይህን ያላለ ነጋዴ የለም። አብዛኛው ሰው ከዚህ በኋላ ወይ ሠራተኛውን ይጠረጥራል ወይ ራሱን። ከመጠርጠራችሁ በፊት ይህን ሥሩ።

ወሩን እንዲህ እንውሰድ። ሽያጭ 100,000። የተሸጠው ዕቃ የተገዛበት ዋጋ 60,000፣ ለአቅራቢው በዚያው ወር ተከፍሏል። ኪራይ፣ ደመወዝና ሌላው 25,000። ትርፉ 15,000 ነው። ባንክ ስትከፍቱ ግን 45,000 ቀንሷል። የት ሄደ?

1. ትርፉን ጻፉ፦ 15,000።
2. በዱቤ ሸጣችሁ ገና ያልገባውን ቀንሱ። 40,000 ነው እንበል። ውጤቱ −25,000።
3. ከተሸጠው በላይ ገዝታችሁ መጋዘን ያስገባችሁትን ቀንሱ። 20,000። ውጤቱ −45,000።

ተገኘ። ማንም አልሰረቀም። 40,000 ደንበኞች ጋ ነው፣ 20,000 መደርደሪያ ላይ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው፤ ላሟ አለች፣ ወተቷ ግን ለዚህ ወር ደመወዝ አይደርስም።

በራሳችሁ ቁጥር ስትሠሩ እነዚህንም አስገቡ፦ ባለቤት የወሰደውን፣ የከፈላችሁትን የብድር ዋናና የገዛችሁትን ማሽን ቀንሱ። የተበደራችሁትን፣ በዱቤ ወስዳችሁ ገና ያልከፈላችሁትንና በወጪ የጻፋችሁትን የእርጅና ቅናሽ (ካሽ ስላልወጣበት) ደምሩ። የድሮ ዱቤ ከተመለሰላችሁ እሱም ይደመራል። በመጨረሻ የምታገኙት ቁጥር የካሽና የባንክ ቀሪያችሁ በወሩ ውስጥ ከተለወጠበት መጠን ጋር መቀራረብ አለበት።

ካልተቀራረበ፦ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የስቶክ ቆጠራ ነው። በወሩ መጨረሻ መደርደሪያውን በእጃችሁ ቁጠሩ፤ በዓይን አትገምቱ። የምትተምኑት በገዛችሁበት ዋጋ እንጂ በምትሸጡበት አይደለም። በመሸጫ ዋጋ የተመነ ሰው ያልሸጠውን ዕቃ አትርፎበታል ማለት ነው።

ይህን ደረጃ በአንድ ወር አትጨርሱትም። ሦስት ወር ደጋግሙት። በመጀመሪያው ወር አይገባችሁም፣ በሁለተኛው ግማሹ ይገባችኋል። እኔ በሦስተኛው ነው የበራልኝ።

## ደረጃ 6፦ ሁለት ስሌት በቃል ያዙ

ቅናሽ ስንት ያስከፍላችኋል? በ80 ገዝታችሁ በ100 ትሸጣላችሁ። ደንበኛ «10 በመቶ ቀንስልኝ» አለ። ትንሽ ይመስላል። በ90 ስትሸጡ ግን ትርፋችሁ ከ20 ወደ 10 ወረደ፤ ግማሹ ሄደ። ያንኑ ትርፍ ለማግኘት እጥፍ መሸጥ አለባችሁ። ይህን ከሰው ፊት ቆማችሁ ማስላት ስለማይቻል ለዋና ዋና ዕቃዎቻችሁ አስቀድማችሁ አስሉና የመጨረሻውን ዋጋ ጻፉ።

እዚሁ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በ80 ላይ 20 መጨመር 25 በመቶ ጭማሪ ነው። ከሽያጩ ሲሰላ ግን ትርፉ 20 በመቶ ነው። አንዱን ከሌላው አትቀላቅሉ። ከአጋር ጋር ስትነጋገሩ «ከመግዣው ነው ከመሸጫው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስንት ብሸጥ አልከስርም? ብትሸጡም ባትሸጡም የምትከፍሉትን የወር ወጪ ከሽያጭ ላይ ለሚቀራችሁ ድርሻ አካፍሉ። በደረጃ 5 ምሳሌ ከ100,000 ሽያጭ የዕቃው ዋጋ ሲቀነስ 40,000 ይቀራል፣ ማለትም 40 በመቶ። 25,000 ለ0.40 ሲካፈል 62,500 ይሆናል። በወር 25 ቀን የምትሠሩ ከሆነ በቀን 2,500 ማለት ነው። ይህችን የቀን ቁጥር ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉ። ማታ ስትዘጉ ከእሷ በላይ ናችሁ ወይስ በታች?

## ደረጃ 7፦ ወደ ፊት ተመልከቱ (ሦስተኛው ወር)

አሁን ግምታችሁ ተስሏል። የሚቀጥሉትን አራት ሳምንታት በአራት ዓምድ አስምሩ። በእያንዳንዱ ላይ መነሻ ገንዘብ፣ ይገባል የምትሉት፣ ይወጣል የምትሉት፣ ቀሪ። የአንዱ ሳምንት ቀሪ የሚቀጥለው መነሻ ነው። ዱቤ ሲመዘገብ ደንበኛው ቃል በገባው ቀን ሳይሆን እስካሁን በሚከፍልበት ልማድ ይሁን።

ቀሪው ከዜሮ በታች የሚወርድበት ሳምንት ካለ ዛሬ አገኛችሁት። ለአቅራቢ ቀድሞ ደውሎ ቀን መለመንና ቀኑ ካለፈ በኋላ ስልክ አለማንሳት አንድ አይደሉም። አራቱ ሳምንት ሲቀላችሁ ወደ 13 አሳድጉት፤ 13 ሳምንት ሩብ ዓመት ስለሆነ በየወሩም በየሦስት ወሩም የሚከፈል ነገር አይደበቅበትም።

## ሂሳቡን ለሌላ ሰው ስትሰጡ

ሥራው ሲሰፋ ሂሳብ ሠራተኛ መቅጠር ይመጣል። መዝገቡን ስጡ፣ የሳምንቱን ሰዓት ግን አትስጡ። ሪፖርቱን ከማየታችሁ በፊት እንደ ልማዳችሁ ገምቱ። ግምታችሁና ሪፖርቱ ከተራራቁ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ካልገባችሁ እስኪገባችሁ ጠይቁ፤ ሼም የለውም፣ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

ገንዘብ የሚቀበለውና የሚመዘግበው አንድ ሰው ከሆነ ደግሞ የባንክ ስቴትመንቱን ከእሱ እጅ አትቀበሉ። በራሳችሁ ስልክ ክፈቱና ቀድማችሁ አንብቡት።